ላዩን ውሰድ፣ ታቹ የእኔ ነው

የእትዬ የሻረግ ሞት ሲነገረኝ ንፋስ መውጫ ነበርሁ፤ ዓይኔን ልታከም ሄጄ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። የደወለችው የእህቴ ልጅ ናት።

«አያ፣ እማማ የሻረግ አረፉ» አለችኝ።

«ቂሟስ?» አልኋት።

ልጅቱ ስልኩን ዘጋችው። ጃጀ ብላ ይሆናል። እኔ ግን የጠየቅሁት አውቄ ነው። አገራችን አርብ ገበያ ውስጥ ያቺን ሴት ያለ ቂሟ የሚያውቃት የለም፤ እሷ ከሞተች ቂሟ ማን ቤት እንደሚያድር ማወቅ ፈለግሁ። ወረፋዬን ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዓይኔ ትቆየኝ፤ ቀብር ለማየት የሚበቃ ብርሃን አላት።

እኔ ታከለ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ካብ ስክብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት ሸምግዬ ስለሆነ ማሳመር አላውቅበትም። ቀብሯ ላይ ቄሱ «የዋህ እናት ነበሩ» ሲሉ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። የዋህ አልነበረችም። የዋህ ብትሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ የዋህ ሰው በየሜዳው ተቀብሯል።

አጭር ናት፣ እንደ ጅራፍ የቀጠነች። ሰው ቤት ስትገባ «ተቀመጪ» ብለው በርጩማ ቢያቀርቡላት ቶሎ አትቀመጥም። መጀመሪያ መሬቱን በተረከዟ ሁለቴ ትመታለች፤ ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች።

«ምን ታዳምጫለሽ፣ እትዬ?» እላታለሁ።

«ባዶ ላይ እንዳታስቀምጠኝ ብዬ ነው» ትለኛለች።

ይህ አመሏ ከእህል ጉድጓድ የመጣ ነው። በእኛ አገር የእህል ጉድጓድ እንደ እንስራ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። ውስጡ በእበትና በጭድ ይለሰናል፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል፣ ከላዩ አፈር ይመለስበታል። ዶሮ ትጭርበታለች፣ ጥጃ ይታሰርበታል። ቦታውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ወንድ አይደለም። ድሮ ወታደር መጥቶ እህል አምጣ ሲል የሚገረፈው ወንዱ ነበር፤ የተገረፈ ይናገራል። የማያውቀውን ግን ከየት አምጥቶ ይናገራል? ደግሞ ወንድማማች ርስት ሲካፈል የእናቱን እህል ሳይቀር ቆፍሮ ይካፈላል። ስለዚህ ጉድጓድ ከአማት ወደ ምራት ይወርዳል እንጂ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። የየሻረግ አማት ሊሞቱ ሲሉ ወንዶቹን ሁሉ ከቤት አስወጡና ምራታቸውን አልጋቸው ሥር አስቀምጠው ግቢው ውስጥ ያሉትን አራት ጉድጓዶች ነገሯት። ባሏ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን «ከየትኛው አወጣሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ነውር ነው።

ባሏ ሞተ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቀጥሎ እስቴ ያለች እህቷ ታመመችና ልታስታምም ሄደች። የቆየችው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ነው። ስትመለስ የባሏ ወንድም ልጅ ደስታው ግቢውን አጥሮታል። አሮጌውን ቤት አፍርሶ ድንጋዩን መንገድ ዳር ደፍቶታል። ደስታው እህል ነጋዴ ነው፤ አፉ ቅቤ፣ ጎኑ ሰፊ፤ ሰዉ «ኢንቨስተሩ» ይለዋል።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ደስታው «ቦታው የአባቴ ድርሻ ነው፤ አጎቴ የጠበቀው በአደራ ነው» አለ። ሦስት ምስክር አቆመ። እሱም ሦስቱም ከመስቀል ፊት ማሉ።

የሻረግ ተነሣች። «የአባትህ ቤት ከሆነ እናትህ ምራት ሆና ገብታበታለቻ። ምራት ከሆነች ጉድጓድ ታውቃለች። እናትህን ጠይቅና ጉድጓዶቹ የት እንዳሉ ንገረኝ።»

ደስታው ሳቀ። «የምን ጉድጓድ? ከልጅነቴ ጀምሬ ስመላለስበት አንድም ጉድጓድ የለበትም።»

ምስክሮቹም ተከትለው «የለበትም» ብለው ማሉ።

እኔ ከዳር ሆኜ «አለ እንጂ! ያን ቤት ስሠራ ከጉድጓዱ የወጣ ገብስ በልቻለሁ» አልሁ።

«አያ ታከለ፣ አንተ ተወው፤ ጆሮህ ደንቁሯል፤ የምትሰማው የድንጋይህን ብቻ ነው» አለኝ ደስታው። ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። «አንተ» ያለኝ በሕዝብ ፊት ነው፤ በአባቱ ዕድሜ ሆኜ። እኔም ያችን ቃል እንደ እህል ከደንኋት፤ አፏንም መረግሁት።

ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው አሳዪና እንመን» አሏት። እዚህ ላይ ነው የሻረግን የማልረሳት። የሚጠበቅባት ማሳየት ብቻ ነበር። ተረከዟን አንስታ መምታት፣ በቃ፤ ትረታ ነበር።

«ለወንድ አላሳይም» አለች። «አማቴን መቃብር ውስጥ አላዋርዳትም።»

«እምቢ ካልሽ እኮ ትሸነፊያለሽ!» አሏት።

ወደ ደስታው ዞረች። አልጮኸችም። «እንግዲያው ላዩን ውሰድ» አለችው። «ታቹ የእኔ ነው።»

እንደገና ተሳቀ። ደስታውም እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ጎጆ ተጠግታ ዓርብ ዓርብ ነጭ ሽንኩርትና ጨው እየቸረቸረች ትኖር ጀመር። የምትቀመጠው ሆን ብላ ከግቢዋ ፊት ለፊት ነው፤ ደስታው በወጣ በገባ ቁጥር ያያታል። ሰላም ሲላት እግዜር ይመስገን ትላለች፤ ዓይኗን ግን ከእግሩ ሥር አታነሣም፤ የቆመበትን መሬት ታያለች። የነፍስ አባቷ መከሯት። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«አባቴ፣ እኔስ ሳሌን ይዤ ደጄ ተቀምጫለሁ» አለቻቸው። «የሰረቀው የማያስለው ነው።»

አባም መስቀላቸውን አሳለሟትና ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ።

ደስታው ፎቅ ሊሠራ ተነሣ። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከኋላ የልጆቹ መኝታ፣ ከላይ ለእንግዳ የሚከራይ አልጋ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ አመጣ። መቼም እውነት እውነት ነው፤ ልጅቱ ሥራዋን ታውቃለች። ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ይህንኑ ነው። «እዚህ ግቢ አሮጌ ጉድጓድ አለ? የእህል ይሁን፣ የሽንት ቤት፣ የውሃ?»

እኔ ከመንገዱ ማዶ የሰው ካብ እየጠገንሁ ነበር። ደስታው ቀና ሲል አየሁት። ዞር ቢል እኔ አለሁ፤ ደግሞ ዞር ቢል የሻረግ ከነሽንኩርቷ አለች። አለ ቢል በመስቀል የማለው ሊፈርስ ነው፤ የት እንዳለ ደግሞ አያውቅም። የራሱ ውሸት አሰረው።

«የለም» አላት።

«አለ!» አልሁ ከማዶ።

«ሽማግሌው ጆሮ የላቸውም» አላትና ትከሻዋን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባት።

ልጅቱ ግን እሱን ብቻ አምና አልተወችውም፤ በየቦታው አስቆፍራ አየች። ወጥቶ የታየው ሁሉ ጠንካራ ቀይ አፈር ነው። እንስራ በተደረደረበት ቤት እንስራ ሳትነካ የምታልፍ ድመት አለች አይደል? ቁፋሮውም እንዲያው ሆነ፤ በጉድጓዶቹ መካከል መካከል አለፈ። የሻረግ ቁፋሮውን እያየች ሽንኩርት ትልጣለች። የኔን ዓይን ስታገኝ አንድ ጊዜ ጠቀሰችኝ። ሽማግሌ ሴት ስትጠቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፎቁ ቆመ። በሁለተኛው ክረምት የጣራው ውሃ በአንድ ማዕዘን መሬቱን አራሰውና ማዕዘኑ ቁጭ አለ። ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ እጅ ያስገባል። በሩ አልዘጋ አለ። ደስታው በሲሚንቶ አስመረገው። ደግሞ አፉን ከፈተ። ደግሞ አስመረገው። ገበያተኛው በዚያ ሲያልፍ «ኢንቨስተሩ የግድግዳውንም አፍ ያዘጋል» እያለ ይስቃል።

መሐንዲሷ ተጠርታ መጣች። ስንጥቁን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ያን ጊዜ እኔም ገብቼ ቆሜአለሁ፤ የሚያስወጣኝ አልነበረም።

«ከሥር ባዶ አለ» አለች። «እንግዲህ አቶ ደስታው፣ የቤት ክብደት ወደ ታች ሲወርድ እንደ ሴት ቀሚስ እየሰፋ ነው የሚሄድ። ባዶው ከቀሚሱ ጫፍ ወዲያ የራቀ ወይም በጣም ጥልቅ ከሆነ ግድ የለም። ቀሚሱ ውስጥ ከገባ ግን መሬቱ መሸከም ያለበትን አይሸከምም። ይኸ ደግሞ ቅርብ ነው። ስንት ነው? የት የት ነው?»

ደስታው ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ።

«መድኃኒት አለው» አለች። «ይከፈታል፤ ድንጋይና ገረጋንቲ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ በንጣፉና በንጣፉ መሀል ጠንካራ መረብ ይዘረጋል።»

«መረቡ ምን ይሠራል?» አልኋት።

«አባባ፣ ጭቃ ለምን በጭድ ታቦኩታላችሁ?»

«እንዳይሰነጠቅ። ጭዱ ይይዘዋላ።»

«ይኸም ያው ነው። አፈር ተጭኖ ወደ ጎን ልሽሽ ሲል መረቡ ይይዘዋል፤ ጭነቱንም ያካፍለዋል። ግን ቦታውን ሳላውቅ ወለሉን ሁሉ ልፈንቅል? የሚያውቅ ሰው የለም?»

ሁላችንም በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየን። የሻረግ ጨው ትሰፍራለች።

ደስታው በማግሥቱ ቤቴ መጣ። «አያ ታከለ፣ አንቱ ጎረቤቷ ነዎት፤ አንቱ ካልገቡበት ማን ይገባበታል» አለኝ። አንቱ! ከየት እንደተማራት እንጃ። ደንቆሮ ነኝ ብዬ ልመልሰው ነበር፤ ግን የሷን መልስ ለመስማት ጓጓሁና ሄድሁ።

ከበሯ ላይ ቆሜ «እትዬ፣ ደስታው ላከኝ» አልኋት።

«ቁጭ በል። እዚያ ጋ ጠንካራ ነው» አለችኝ።

ነገርኋት። ሰማችኝ፤ ከዚያም ከመሬት ቁንጣሪ አፈር አንስታ በጣቶቿ አሸችው። «ድንጋይ ይሸከም» አለች።

የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሰው ፊት ማሩኝ ማለቱ የአገር ወግ ነው። የሷ ግን ሌላ ነበር።

«አራት ጉድጓድ አለኝ፤ አራት ሰዎች ዋሹብኝ» አለች። «እያንዳንዱ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ድንጋዩን ተሸክሞ ይምጣና ‹ዋሽቻለሁ› ይበል። ላንድ ድንጋይ አንድ ጉድጓድ። ድንጋዩንም አይጥለውም። እጉድጓዴ ይገባል። ውሸቱን ከሥር ሆኖ ይደግፍለት።»

«ቢያንስ በግ ቢያመጣና…»

«ታከለ! አንተ የድንጋይ ሰው አይደለህም? በበግ ጉድጓድ ይሞላል?»

ደስታው ይህን ሲሰማ ቀላ፣ ጠቆረ። ከዚያ ብልጠቱ መጣለት፤ መጀመሪያ ምስክሮቹን ላከ። አንዱ በአንዱ ዓርብ፣ ሌላው በሌላው። ሦስቱም ገበያውን አቋርጠው ድንጋያቸውን ተሸክመው መጡ። መጀመሪያ የመጣው ትንሽ ድንጋይ ነበር ያመጣ። የሻረግ አየችውና «ይቺ ጉልቻም አትሆን። ውሸትህ እኮ ከዚች ይከብዳል፤ ተመለስና አምጣ» አለችው። ገበያው በሳቅ ተናወጠ። ተመልሶ አመጣ።

ሦስቱም «ዋሽቻለሁ» አሉ። እሷም ከሽንኩርቷ ተነሥታ ወንዶቹን ሁሉ ከአጥር ውጭ አቆመችና መሐንዲሷን ብቻ እጇን ይዛ ገባች። «አንቺ ሴት ነሽ፤ ላንቺ አማቴም አትቆጣ» አለቻት። በተረከዟ መታች፤ «እዚህ»። ወለሉ ሲከፈት የጠቆረ ገብስ ሽታ እስከ መንገድ ድረስ ወጣ። እኔ ያን ሽታ ሳሸት ስንት ዘመን ወደ ኋላ ሄድሁ። ልጅቱም እንዳለችው በድንጋይ፣ በገረጋንቲ፣ በመረብ ሞላችው፤ በየንጣፉ አስረገጠችው። ቁጭ ያለው ማዕዘን በሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ኖሯል፤ ተሞልቶ ተደገፈ።

አራተኛው የደስታው የራሱ ነበር። አልመጣም።

«ሦስቱ ከተደፈነ አንዱ ምን ያመጣል?» አለ። ጋቢና በግ ላከላት። ጋቢውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚቀመጠው ዓይነ ስውር ሰጠችው፤ በጉን መልሳ ደስታው በር ላይ አሰረችው። መሐንዲሷም አልዋሸችውም፤ «አሁን የባሰ ነው፤ ሦስት ወገን ጠንክሮ አንዱ ባዶ ከሆነ ቤቱ ወደ ባዶው ነው የሚያዘነብል» አለችው። እሱ ግን የሚደፋ አንገት ያለው አይመስልም፤ የሰው አንገት ማስደፋት ነው የሚያውቀው።

የሻረግ ጨካኝ ናት ትሉ ይሆናል። ይህን ስሙ። አንድ ገበያ የደስታው ሚስት አለሚቱ ጨው ልትገዛ መጣች፤ አንገቷን ደፍታ። የሻረግ ጨውን ሰፈረችላትና «ልጆችሽን ከዚያ ቤት አውጫቸው» አለቻት። «ቂሜ ከባልሽ ጋር ነው። ልጆቹ በመስቀል አልማሉብኝም።»

አለሚቱ ጨውን እዚያው ጥላ ሄደች። ከአጥር ውጭ ሆነን ሰማናት። «ጉድጓድ የለም አልኸኝ! ልጆቼን ባዶ ላይ ነው ያስተኛሃቸው! ስንጥቁን እያየህ!» የልጆቹን ፍራሽ እየጎተተች አወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጆቿ ጋር በግቢው ጥግ ያለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገባች። ኢንቨስተሩ ያን ሁሉ ፎቅ ለብቻው ይተኛበት ጀመር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ ግድግዳውን ሲዳብስ ይታያል ይላሉ። ይዳብስ።

አለሚቱም ከዚያ ወዲህ ጨው መግዛት አበዛች። ለሳምንት የሚበቃ ጨው ስንት ነው? እኔ ነገሩን አላሰብሁትም። ወንድ ነኝና።

እንግዲህ ከንፋስ መውጫ ተመልሼ ቀብሯ ላይ ተገኘሁ። ደስታው ጥቁር ኮት ለብሶ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ከልቡም ነበር፤ ጉድጓዱን ይዛበት መሄዷ ነው። ግብዓተ መሬቱ አልቆ ወደ ልቅሶ ቤት ስንሄድ ክንዴን ያዘኝ።

«አያ ታከለ፣ ለአንቱ ነግራዎት ይሆን?»

«እኔ ወንድ ነኝ» አልሁት።

ያን ጊዜ ነው አለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የገባችው። ሴቶቹ «ነይ ተቀመጪ» ብለው ሰሌን ለቀቁላት። አልተቀመጠችም። መሬቱን በተረከዟ ሁለቴ መታች፤ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ልቅሶው ቀጠለ። እኔ አየሁ። ደስታውም አየ። የድንኳኑን ቋሚ ያዘ።

ሰዉ ሲበተን ሚስቱን ከደጅ ጠበቃት። እኔም ጫማዬን የማጠልቅ መስዬ ቆየሁ።

«ነግራሻለች» አላት።

«ነግራኛለች። የዚያ ቤት ሴት እኔ ነኝ፤ ለማን ትንገር?»

«እንግዲያው ተናገሪያ! ክረምቱ እኮ ደረሰ!»

«ድንጋይ» አለችው።

«ለማን? ሞታለች እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«መቃብሯ የት እንደሆነ ታውቃለህ» አለችው። «እሱን እንኳ አልደበቀችህም።»

ልጆቿን ይዛ ሄደች። ምንም አልጨመረችም። የሻረግም እንዲሁ ነበረች፤ ነገር አታበዛም።

ከቀብሯ በኋላ የመጣው ዓርብ ዛሬ ነው። ጠዋት፣ ገበያው ሲሞላ፣ ደስታው ቤቴ መጣ። ጎኑ ከስቷል። ከበሬ ፊት የድንጋይ ክምር አለኝ፤ ዕድሜ ልኬን የለቃቀምሁት።

«አያ ታከለ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «አንቱ የድንጋይ ሰው ነዎት። አንድ መጠነኛ ይምረጡልኝ።»

ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። ክምሩን ዞርሁት፤ ይቺ አይደለችም፣ ይቺም አይደለችም እያልሁ። ከሥር፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ደስታው የየሻረግን ቤት አፍርሶ መንገድ ዳር ሲደፋው ያነሣሁት የማዕዘን ድንጋይ ነው። እኔው በወጣትነቴ ጠርቤ ከዚያ ቤት ሥር ያስቀመጥሁት። በአህያ አስጭኜ አመጣሁት፤ ለምን እንዳመጣሁት ያኔ አላወቅሁም ነበር። አሁን ግን አወቅሁ።

ጎንበስ አለ። ሁለት ጎረምሶች አግዘውን በማጅራቱ ላይ አሳረፍነው። አንድ እርምጃ ሄደ። ገበያው ሩቅ ነው፤ መቃብሩ ከገበያው ወዲያ ነው።

«አያ ታከለ፣ ከበደኝ» አለ።

«ምን አልህ?» አልሁት። «ጆሮዬ ደንቁሯል።»